ማን ይታይ? የብዙ ካሜራ ስቱዲዮ ሥራ እንዴት ተለመደ

ነገሩ የተጀመረው በሳንቲም ነው።

ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ለንደን ውስጥ፣ አሌክሳንድራ ፓላስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ባለ ሕንፃ፣ ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭቱን ሲከፍት ሁለት ተፎካካሪ ቴክኖሎጂዎች አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ነበር። አንዱ የጆን ሎጊ ቤርድ ኩባንያ መሣሪያ ነው፣ ሌላው የማርኮኒ-ኢኤምአይ። የትኛው ይቅደም? ዘውድ ወይስ ጎፈር ተባለና ሳንቲሙ ለቤርድ ወጣ። ሥነ ሥርዓቱ መጀመሪያ በቤርድ መሣሪያ ተላለፈ። ከዚያ ያው ሥነ ሥርዓት እንደ አዲስ ተጀምሮ በማርኮኒ-ኢኤምአይ ተደገመ። (የውጭ አገር ታሪኮችን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ደግሞ ዓ.ም. ብዬ።)

በሳንቲሙ ያሸነፈው ቤርድ ሦስት ወር ብዙም ሳያልፍ ከጨዋታ ወጣ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክንያት የምስል ጥራት ነው፤ የቤርድ ምስል 240 መስመር፣ የማርኮኒ-ኢኤምአይ ደግሞ 405 መስመር ነበረው። እውነት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ልዩነት ነው። የቤርድ ዋና ካሜራ በፊልም የሚቀርጽ ነበር። ፊልሙ ከካሜራው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ኬሚካል ገንዳ ይገባል፣ እዚያው ይታጠባል፣ ገና እርጥብ እያለ ምስሉ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀየራል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ገንዳው ከካሜራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ካሜራው ወለሉ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው ወደ ካሜራው ይመጣል እንጂ ካሜራው ወደ ሰውየው አይሄድም።

የማርኮኒ-ኢኤምአይ ካሜራ፣ ኤሚትሮን የሚባለው፣ በገመድ የተያያዘ ብቻ ነበር። ይገፋል፣ ይዞራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንድ በላይ ማሰለፍ ይቻላል። የሁለቱ መሣሪያዎች እውነተኛ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አንድ ካሜራ ብቻ ሲኖር ጥያቄው «ምን ይታያል?» ነው። ሁለተኛው ሲጨመር ጥያቄው ይቀየራል፦ «አሁን ከእነዚህ ውስጥ የቱ ይታይ? የሚመርጠውስ ማነው?»

የብዙ ካሜራ ስቱዲዮ ታሪክ ሰዎች ይህን ጥያቄ በሰከንዶች ውስጥ መመለስን እንዴት እንደተማሩ የሚናገር ታሪክ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየፎቁ ሦስት ካሜራና ሁለት ወንበር ያለው የፖድካስት ስቱዲዮ በሚከፈትበት ጊዜ ደግሞ ታሪኩ የሩቅ አይደለም።

መጽሐፍ የሌለው ትምህርት

እስቲ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች አስቧቸው። የቲያትር ሰዎች፣ የሬዲዮ ሰዎች፣ ከፊልም የመጡ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም የቴሌቪዥን ሰው አይደሉም፤ ከየት ይምጣ? ሙያው ራሱ ገና አልነበረም። ለእነሱ የተጻፈ መመሪያ የለም፣ «ድሮ እንዲህ እንሠራ ነበር» የሚል ሽማግሌም የለም።

መሣሪያውም ቢሆን አያግዝም። የኤሚትሮን ካሜራማን የሚያየው ምስል ተገልብጦ ነበር፤ የሰው ጭንቅላት ታች፣ እግሩ ላይ። ሰውየው ወደ ቀኝ ሲራመድ ካሜራማኑ ወደ ግራ ሲሄድ ያየዋል፤ እጁ ግን በትክክለኛው አቅጣጫ መከተል አለበት። ዙም የሚባል ነገር የለም፤ ፊት ለማቅረብ ካሜራውን ራሱን መግፋት ነው። ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው መሻገርም እንደ ዛሬው በቅጽበት አይሆንም ነበር። የመጀመሪያው ምስል ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ሁለተኛው ቀስ እያለ ይመጣል። ቀልደኛ ቀልዱን ጨርሶ ሰው ሲስቅ ለማሳየት ቢፈለግ፣ ምስሉ ሲደርስ ሳቁ አልቋል።

ይህ ችግር ግን አንድ ነገር አስተማራቸው፦ መቅደምን። መሻገሪያው ቀርፋፋ ከሆነ ነገሩ ከመሆኑ በፊት መጀመር አለብህ። ተናጋሪው ሊጨርስ ሲል፣ ዘፋኟ ልትዞር ስትል። ስለዚህ ልምምድ የግድ ሆነ። የማን እርምጃ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ የትኛው ካሜራ በየትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሚነሳ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተጻፈ። በሜይ 12 ቀን 1937 የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የዘውድ ሰልፍ ሲተላለፍ ቢቢሲ ሦስት ካሜራዎችን ሃይድ ፓርክ ኮርነር ላይ አቆመ። ስቱዲዮ ውስጥ የተለማመዱትን ይዘው መንገድ ላይ ወጡ ማለት ነው። ሰልፉ ለማንም ብሎ አይደገምም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ የቀጥታ ስርጭት ምስልም እንደዚያው ነው።

ሁለት ጊዜ መናገር

ከእነዚህ ዓመታት ጀምሮ ቀስ በቀስ የተሠራው ትልቁ ነገር መሣሪያ ሳይሆን ቋንቋ ነው። ዛሬም ማንኛውም የቀጥታ ስቱዲዮ መቆጣጠሪያ ክፍል ብትገቡ ትሰሙታላችሁ። ዳይሬክተሩ ሞኒተሮቹ ፊት ተቀምጧል። አጠገቡ ስዊቸሩን የሚነካው ሰው አለ፤ ቁልፉን የሚጫነው እሱ ነው። አንዱ ድምፁን ይዟል። አንዷ ሰዓት ትቆጥራለች፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ። ታች ስቱዲዮው ውስጥ ደግሞ ፍሎር ማናጀሩ በጆሮው የሰማውን በእጁ ምልክት ለእንግዶቹ ያስተላልፋል።

ዳይሬክተሩ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይናገራል። መጀመሪያ «ሁለት ተዘጋጅ»፣ ቆይቶ «ሁለት!»። በመጀመሪያው ትእዛዝ ምንም አይቀየርም። የሁለተኛው ካሜራ ባለቤት ምስሉን ያስተካክላል፣ ፎከሱን ያጠራል፣ ትንፋሹን ይይዛል፤ የስዊቸሩ ሰው ጣቱን ቁልፉ ላይ ያሳርፋል። በሁለተኛው ትእዛዝ ቁልፉ ይጫናል፣ የካሜራው ቀይ መብራት ይበራል፣ ምስሉ አየር ላይ ይወጣል። «ተዘጋጅ» ሳይባል «ሁለት!» ከተባለ ተመልካቹ ካሜራ ሲንቀጠቀጥ ወይም ፎከስ ሲፈለግ ያያል።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ዳታቤዝ ላይ አንድ ለውጥ ብዙ ማሽኖችን የሚነካ ከሆነ መጀመሪያ ሁሉም «ዝግጁ ነኝ» ይላሉ፣ ከዚያ ነው ለውጡ የሚጸድቀው። የስቱዲዮ ሰዎች ይህን ዘዴ ሲለምዱ ያ ዓይነት ዳታቤዝ በዓለም ላይ አልነበረም። እንግሊዝኛ ትእዛዙን ከግሡ ይጀምራል፤ አማርኛ ግን ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ወደ ሁለት ቀይር» ስንል ቁጥሩ ቀድሞ ይሰማል፣ ድርጊቱ ይከተላል። ለዚህ ሥራ የተሠራ ሰዋስው ነው የሚመስለው።

የካሜራው አቀማመጥም የራሱ ሕግ አለው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲያወሩ በመካከላቸው አንድ የማይታይ መስመር ታሰምራለህ፤ ካሜራዎቹ ሁሉ ከመስመሩ በአንድ ወገን ይቆማሉ። በግራ ያለው ካሜራ በቀኝ የተቀመጠውን ሰው ይይዛል፣ በቀኝ ያለው በግራ የተቀመጠውን፣ የመሀሉ ሁለቱንም። አንዱ ካሜራ መስመሩን ከተሻገረ ሁለቱ ሰዎች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም «የሚያወሩት ከማን ጋር ነው?» ይለዋል ውስጡ።

ሉሲና ሦስቱ የፊልም ካሜራዎች

አሜሪካ ውስጥ በ1951 ሌላ ጥያቄ መጣ። የዚያን ጊዜ አብዛኛው ትልቅ ፕሮግራም ከኒው ዮርክ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። በቀጥታ ሊያዩት ለማይችሉ ከተሞች ደግሞ የቴሌቪዥኑን ስክሪን በፊልም ካሜራ ቀርጸው ይልኩ ነበር፤ ምስሉ ደብዛዛ ይሆናል። ሉሲል ቦልና ባለቤቷ ዴሲ አርናዝ ግን ከሆሊውድ መውጣት አልፈለጉም። ስፖንሰሩ ደግሞ ሕዝቡ የሚበዛው በምሥራቅ ስለሆነ ደብዛዛውን ምስል ለእነሱ መላክ አልፈለገም።

መፍትሔው «አይ ላቭ ሉሲ»ን በሦስት ባለ 35 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራ፣ በተመልካች ፊት፣ እንደ ቲያትር ሳያቋርጡ መቅረጽ ሆነ። በነገሩ ዋጋ ላይ ሲደራደሩ ባልና ሚስቱ ከክፍያቸው ቀንሰው የፊልሙን ባለቤትነት ለራሳቸው ወሰዱ። ውሎ አድሮ ሀብታም ያደረጋቸው ይህ ነው፤ ድጋሚ የሚታይ ነገር በእጃቸው ቀረ።

የምስሉን ሥራ የያዘው ካርል ፍሮይንድ ነበር፤ በ1927 የወጣውን የጀርመኑን «ሜትሮፖሊስ» ከቀረጹት አንዱ። እንዲህ ያለ ሰው ለእያንዳንዱ ሾት መብራት ለየብቻ ማስተካከል የለመደ ነው። እዚህ ግን ሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ከሦስት አቅጣጫ ያያል። ለአንዱ የሚያምረው ጥላ ሌላኛው ላይ ፊት ያጠፋል፤ ወለል ላይ የቆመ መብራት ደግሞ የካሜራዎቹን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ መብራቱን ከላይ ሰቀለና ቦታውን ሁሉ እኩል አበራ። ውበት ሰጥቶ ነፃነት ገዛ ማለት ይቻላል። ዛሬም ብዙ የስቱዲዮ ኮሜዲዎች ጥላ የሌላቸውና ደማቅ የሚመስሉት ይህ ልውውጥ ስለቀጠለ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ በዚህ ዘዴ ምርጫው ወደ ኋላ ተላለፈ። ሦስቱም ካሜራዎች ይቀርጻሉ፣ የትኛው ይታይ የሚለው በኤዲቲንግ ክፍል ይወሰናል። የቪዲዮ ቴፕ ሲመጣም ይኸው ነገር ቀለለ። የአምፔክስ ኩባንያ የመጀመሪያውን የሚሸጥ መቅጃ ያሳየው በኤፕሪል 1956 ነው፤ ዋጋው 50,000 ዶላር ገደማ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ሲቢኤስ ዜና አስተላለፈበት። ከዚያ በኋላ «አሁን ካልወሰንኩ አለቀ» የሚለው ፍርሃት ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፤ ምክንያቱም አንዳንድ ነገር እንደገና አይሆንም።

የአድማጩ ፊት

ኖቬምበር 18 ቀን 1951 ኤድዋርድ መሮ «ሲ ኢት ናው» የተባለውን ፕሮግራሙን የከፈተው ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ነው። ሞኒተሮቹ፣ ገመዱ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ይታያሉ። በሬዲዮ ስመ ጥር የሆነው ይህ ሰው ቡድኑ አሮጌ ቢሆንም አዲስ ሙያ እየተማረ መሆኑን ለተመልካቹ ነገረው። ከዚያ በሁለት ሞኒተሮች ላይ የአትላንቲክንና የፓሲፊክን ዳርቻ በአንድ ጊዜ አሳየ። ዳይሬክተሩ ዶን ሂዊት የሚባል ወጣት ነበር።

ይኸው ሂዊት ሴፕቴምበር 26 ቀን 1960 ቺካጎ በሚገኘው የሲቢኤስ ስቱዲዮ የጆን ኬኔዲንና የሪቻርድ ኒክሰንን የመጀመሪያ ክርክር መራ። ታሪኩን ሰምታችሁታል፦ ኒክሰን ከጉልበት ሕመም በቅርቡ ከሆስፒታል የወጣ፣ ግራጫ ልብሱ ከግድግዳው ጋር የተመሳሰለ፣ ፊቱ ላይ ላብ ያለ። በሬዲዮ የሰሙት ኒክሰን አሸነፈ አሉ የሚለው ወሬ ግን በጣም ደካማ ማስረጃ ላይ የቆመ ነው፤ ባትደግሙት ይሻላል።

ከሙያው አንፃር ትልቁ ነገር ሌላ ነው። የዚያን ምሽት አንዱ ሲናገር ካሜራው አልፎ አልፎ ወደ ዝምተኛው ይሄድ ነበር። ኬኔዲ ቀጥ ብሎ ያዳምጣል፤ ኒክሰን ደክሞት ይታያል። የሁለቱም ወገን አማካሪዎች ስለ እነዚህ የአድማጭ ምስሎች ተከራክረዋል፣ ምክንያቱም ነገሩ ገብቷቸዋል። ተናጋሪው የሚለውን አዘጋጅቶ መጥቷል። አድማጩ ግን ፊቱን አላዘጋጀም። እውነት ሾልካ የምትወጣው ብዙ ጊዜ ከእሱ በኩል ነው፤ ወይም እውነት የሚመስል ነገር።

እዚህ ላይ የዳይሬክተሩ ሥራ ከቴክኒክ ወደ ፍርድ ይሸጋገራል። ሁለት ሰከንድ የዝምተኛውን ሰው ፊት ማሳየት ሐሰት አይደለም፤ ሰውየው እዚያ ነበር፣ ፊቱም የራሱ ነው። ግን የትኛው ሁለት ሰከንድ? ሲያሽሟጥጥ ወይስ ራሱን ሲነቀንቅ? አንድም ቃል ሳይቀየር ትርጉሙ ይቀየራል።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ እጩዎች ለ16 ዓመታት እንዲህ አልተከራከሩም። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1976 ጄራልድ ፎርድና ጂሚ ካርተር ፊላደልፊያ ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ ድምፁ ጠፋ። 27 ደቂቃ። ካሜራዎቹ ይሠራሉ፣ ስርጭቱ ቀጥሏል፣ ሁለቱ ሰዎች ግን ከየአትሮኖሳቸው ኋላ ዝም ብለው ቆመዋል። ይህን ትዕይንት አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እፈልገዋለሁ።

ጥቅምት 23

ቢቢሲ የተከፈተባት ያቺ ኖቬምበር 2 በእኛ ጥቅምት 23 ናት፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል። በ1936 ንጉሡ እዚያው እንግሊዝ አገር በስደት ላይ ነበሩ። ስድስተኛው የዘውድ ዓመታቸው በባዕድ አገር ባለፈበት ቀን፣ በዚያችው አገር ቴሌቪዥን ተመረቀ። ልክ ከ28 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቁርና ነጭ ሥራውን ጀመረ። ለረጅም ዓመታት ብዙዎቻችን የምናውቀው ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ የነበረውን ነው።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰሞን የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አገሩ በሙሉ ስክሪን ላይ ተተክሎ እንደነበር በጊዜው ልጅ የነበርነውም እናስታውሳለን። ትልልቆቹ የሚያወሩት ስለተባለው ብቻ አልነበረም፤ ማን ተቆጣ፣ ማን ፈገግ አለ፣ ማን ወረቀቱን አገላበጠ የሚለውም ወሬ ነበር። ተመልካች ማንም ሳያስተምረው የአድማጭ ፊት ያነባል።

ዛሬ መሣሪያው ረክሷል። በ2019 ብላክማጂክ ዲዛይን አራት ካሜራ የሚቀበል ትንሽ ስዊቸር በ295 ዶላር ሸጠ። የአምፔክስን 50,000 አስታውሱ። ሦስት ስልክና አንድ ላፕቶፕም ይበቃል። ከዚያም አልፎ ካሜራ በራሱ የሚቀይር ሶፍትዌር መጥቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የማን ማይክ ድምፅ ከፍ አለ? የእሱን ካሜራ አውጣ። ቀላሉን ዓይነት ከሰዓት በፊት ተቀምጣችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ፤ ሙያዬ ስለሆነ ነው የምለው። ካሜራ እየቀያየረ የሚያመሽ ሰው ለሌለው ስቱዲዮ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አልንቀውም።

ግን ምን እንደሚጎድለው ከታሪኩ ማየት ይቻላል። አንደኛ፣ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ድምፅ ሳይሰማ አይነሳም። የአሌክሳንድራ ፓላስ ሰዎች ግን ሊሆን ሲል መነሳትን ተምረው ነበር። ሰው ከመናገሩ በፊት ትንፋሽ ይስባል፣ ወደ ፊት ይጠጋል፣ እጁን ከጉልበቱ ያነሳል፤ ጥሩ ዳይሬክተር «ተዘጋጅ» የሚለው ያኔ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያሳየው ተናጋሪውን ብቻ ነው። እናቷን ያጣች እንግዳ ስታወራ የጠያቂው ዓይን እንባ ቢሞላ ሶፍትዌሩ አያውቅም፤ እንባ ድምፅ የለውማ። ሦስተኛ፣ ማንም ካልተናገረ ግራ ይገባዋል። ፎርድና ካርተር በቆሙባቸው 27 ደቂቃዎች ይህ ሶፍትዌር የቱን ካሜራ ይመርጥ ነበር? ሰው ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ የሚያየው ነገር አለ።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ድምፁ ከፍ ያለ ስክሪኑን የሚወስድ ከሆነ ጯሂ ይሸለማል። ጨዋ ሆኖ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ይጠፋል። ክርክራችን ቀድሞም መደማመጥ የቸገረው ነው፤ የሚያዳምጥን ሰው ጨርሶ የማያሳይ መሣሪያ ሲጨመርበት ማዳመጥ ራሱ የማይታይ ነገር ይሆናል። የማይታይ ነገር ደግሞ በስክሪን ላደገ ልጅ የሌለ ነገር ነው።

መማር የምትፈልጉ ካላችሁ ካሜራ ሳትገዙ ጀምሩ። ሰፊ ሾት ያለው ማንኛውንም ውይይት ክፈቱና ቀጥሎ ማን እንደሚናገር ከመናገሩ በፊት ጣታችሁን ቀስሩበት። መጀመሪያ ትሳሳታላችሁ፣ ከሳምንት በኋላ ትንፋሹን ማየት ትጀምራላችሁ። ከዚያ ሁለት ጓደኞቻችሁን አስቀምጡ፣ ሦስት ስልክ ከመስመሩ በአንድ ወገን አቁሙ፣ አንድ ሰው ትእዛዝ ይስጥ፣ አንድ ሰው ይቀይር። «ተዘጋጅ» የምትለዋን ቃል አትዝለሉ። በየመሀሉ ደግሞ ጣታችሁ ወደ ተናጋሪው ሲሮጥ ቆም በሉና ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን የሚሰማው ሰው አሁን ምን ይመስላል?